በእንጦጦ አቀበት ላይ የሚፈላው ኦራል፦ ሞተሩን ልቀይር ወይስ ያለውን ልጠግን?

ባለኦራል (ሱሉልታ)

ለመድረኩ አባላት በሙሉ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከ3 ዓመት በፊት በጨረታ የገዛሁት ኦራል 375ዲ፣ የሶቪየት ሥሪት ባለ 6 እግር የቤንዚን ጭነት መኪና አለኝ። ከመግዛቴ በፊት ለብዙ ዓመታት ሣር በቅሎበት ቆሞ የኖረ የሠራዊት መኪና ሲሆን፣ በአሁኑ ጊዜ ከከተማ ሲሚንቶና ብረት እየጫንኩ በሱሉልታ ዙሪያ አስፋልት ወዳልደረሰባቸው የግንባታ ቦታዎች አደርስበታለሁ፤ አልፎ አልፎም ከካባ ድንጋይ አወጣበታለሁ። በክረምት አዳዲሶቹ ገልባጮች ጭቃ ውስጥ ተቀርቅረው ትራክተር ሲጠብቁ ይህ አሮጌ መኪና በጎናቸው አልፎ ስለሚሄድ፣ ልሸጠው ልቤ አይፈቅድም።

ሆኖም ከዊንጌት በላይ ያለውን የእንጦጦ አቀበት ተጭኖ ሲወጣ፣ እኩሌታው ላይ እንኳ ሳይደርስ የሙቀት መለኪያው 100 ላይ ይቆምና ራዲያተሩ ውኃ መትፋት ይጀምራል። ጉልበት የለውም፤ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እያቃሰተ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ይለቃል። የቤንዚን ፍጆታውን ለመናገር አፍራለሁ። ከዚህም ሌላ ጠዋት ስነሳ ፍሬኑ በመጀመሪያው ርግጫ አይዝም፣ ሁለቴ መርገጥ አለብኝ፤ የኋላ ግራ ጎማው ደግሞ በየሌሊቱ እየተነፈሰ ያድራል።

እስካሁን የውኃ ፖምፓውን ቀይሬያለሁ፣ ራዲያተሩንም አስፈትቼ አሳጥቤያለሁ። አንዱ ጋራዥ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተጣሟልና ይውረድ አለኝ። ሌላው የቤንዚኑን ሞተር ጥለህ ናፍጣ ግጠምበት ብሎ የጠራልኝ ዋጋ መኪናውን ከገዛሁበት ይበልጣል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ኢፋ ነጂ (ዱከም)

ወንድሜ፣ የሁለተኛው ጋራዥ ምክር ትክክል ይመስለኛል። 375 የሚጠጣውን ቤንዚን ማንም ነግዶ አይችለውም። ፋብሪካው ራሱ ነገሩ ስለገባው እ.ኤ.አ. በ1977 ኦራል 4320ን በናፍጣ ሞተር ማምረት ጀምሯል። እኔ የምሥራቅ ጀርመኗ ጭነት መኪና ኢፋ ደብልዩ 50 ላይ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ 125 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያላት፣ 4 ሲሊንደር፣ 6.56 ሊትር ናፍጣ ናት፤ ታዘግማለች እንጂ አታስቸግርም። ቤንዚን ለቤት መኪና ነው።

የሰበታው መካኒክ

ባለኦራል፣ ችግርዎን በጥንቃቄ ስለጻፉት አመሰግናለሁ፤ ጋራዥ ድረስ መጥተው “ይፈላል” ብቻ ብለው ቁልፉን ጥለው ከሚሄዱት ደንበኞቼ ጋር ሳነጻጽረው መልስ ለመስጠት አላስቸገረኝም። ቴስታታውን አያስወርዱ። ሞተሩንም ገና አይንኩት።

በመጀመሪያ የምንኖርበትን ከፍታ እናስብ። በባሕር ወለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ተራ መክደኛ ያልሆነው ለዚህ ነው፤ በውስጡ ያለው ባለሞላ ቫልቭ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት በመፍጠር የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑ የከባቢ አየርን ግማሽ ያህል ግፊት ቢይዝልዎ፣ እርስዎ ሰፈር ውኃው ከ105 ዲግሪ በፊት አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ወይም ሞላው ዝጎ ከሆነ ግን መኪናዎ ጎጆ ውስጥ ከተጣደ ክፍት ድስት አይለይም።

አሁን ከጻፉት ውስጥ የማይገጥም ነገር ልጠቁምዎ። መለኪያው 100 ላይ ይቆማል፣ ውኃም ይተፋል ብለዋል። ክዳኑ ግፊት የማይዝ ከሆነ ውኃው በ91 ዲግሪ ይፈላና እዚያው ይቆያል እንጂ 100 ሊደርስ አይችልም። ክዳኑ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ በ100 ዲግሪ ሊተፋ አይገባውም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ፣ ምናልባትም ሁለቱም፣ ይዋሻሉ። ማረጋገጫው ገንዘብ አይጠይቅም። የሙቀት መለኪያውን ሴንሰር ከሞተሩ ላይ ይፍቱት፣ ሽቦውን እንደተሰካ ይተዉት፣ አካሉን በሌላ ቁራጭ ሽቦ ከሻሲው ጋር አገናኝተው ማሳ (የኤሌክትሪክ መመለሻ) ይስጡት፤ ከዚያ ቤትዎ በፈላ ድስት ውኃ ውስጥ ጫፉን ይንከሩትና ጋቢና ውስጥ ያለው መርፌ ስንት እንደሚያሳይ ይመልከቱ። ሱሉልታ ላይ ትክክለኛው መልስ 91 አካባቢ ነው።

ሌላው ከራዲያተሩ ፊት ያለው የቆርቆሮ መጋረጃ ነው። እነዚህ መኪኖች ለሳይቤሪያ ብርድ የተሠሩ በመሆናቸው ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ሆኖ በገመድ የሚከፍተውና የሚዘጋው መጋረጃ አላቸው። ባለፈው ዓመት ሌላ የሶቪየት ጭነት መኪና፣ አንድ ዚል 131፣ እየተጎተተ መጣልኝ፤ ባለቤቱ ፖምፓ፣ ቴርሞስታት፣ የማራገቢያ ቺንጋ ሁሉ ቀያይሯል። ገመዱ ዝጎ ተጣብቆ መጋረጃው ከሦስት እጁ ሁለቱ ተዘግቶ ነበር፤ ጋቢና ውስጥ ያለው እጀታ ግን ወለል ብሎ “ክፍት” ላይ ነው። በፒንሳ ስቤ ከፈትኩትና ሻይ ጋበዘኝ። እጀታውን አይመኑ፤ ወርደው በዓይንዎ ይዩት።

ጉልበቱን በተመለከተ፣ ጥፋቱ በከፊል የሞተሩ አይደለም። የ375ዲ ሞተር 7 ሊትር ያህል፣ 8 ሲሊንደር፣ 180 የፈረስ ጉልበት ነው ሲባል የተለካው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። እንጦጦ አቀበት ላይ የአየሩ እፍግታ ሩብ ያህሉን ስለሚያጣ፣ ፍጹም ጤነኛ ሞተር እንኳ 140 ቢሰጥዎ ደስ ሊልዎ ይገባል። ካርቡራቶሩ ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቀድሞው ያፈሳል። ጥቁሩ ጭስም ፍጆታውም በአብዛኛው ከዚህ ነው። ይህን መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ስንት ኩንታል ነው የሚጭኑት?

ባለኦራል (ሱሉልታ)

ስለ ሰፊው ማብራሪያ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የድስቱን ነገር ቅዳሜ እሞክረዋለሁ። ጭነቱ እንደ ቀኑ ቢለያይም ሲሚንቶ ሲሆን 80 ኩንታል አካባቢ ነው።

የሰበታው መካኒክ

መኪናው የተሠራው 50 ኩንታል ገደማ እንዲሸከም ነው። ሌላ አልጨምርም።

የድሮ ጋራዥ (አቃቂ)

ልጆቼ፣ ስለ ፍፁም ሌላ ጉዳይ ጣልቃ ልግባ፤ የሚፈላ ሞተር መንገድ ዳር ያስቆማል፣ የማይዝ ፍሬን ግን አያስቆምም። በመለኪያና በድስት ከመራቀቃችሁ በፊት ይህ ሰው ከእንጦጦ ወደ ከተማ ቁልቁል የሚወርድበትን ፍሬን ማየት ነበረባችሁ።

እኔ በእነዚህ መኪኖች ላይ የሠራሁት አገሪቱ ከአሜሪካን ወደ ሶቪየት ፊቷን ካዞረችበት ከ1969 እና 1970 ዓ.ም. በኋላ ነው። የኦራል ፍሬን እንደ ትልልቆቹ የጭነት መኪኖች በአየር ብቻ አይሠራም፤ አየር ፒስተን ይገፋል፣ ፒስተኑ የፍሬን ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ የፍሬኑን ሸራ ከፍቶ ከሚሽከረከረው ታምቡር ጋር ያጣብቀዋል። በዚህ ምክንያት ሁለት ዓይነት በሽታ በአንድ መኪና ላይ ይገኛል፤ የአየር ሰው የዘይቱን አያይም፣ የዘይት ሰው የአየሩን አያይም። ሁለቴ ሲረገጥ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ወይ ሸራው አልቆ ከታምቡሩ ርቋል፣ ወይ ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል፣ ወይም የሲሊንደሩ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚያፍነው ጎማ) አልቋል። ሸራውን ማቀራረብ የግማሽ ቀን ሥራ ነውና ከዚያ ይጀመር።

ይልቅ የሚያስፈራኝ መኪናው ለዓመታት ቆሞ ነበር ያልከው ነገር ነው። በዚያን ዘመን እነዚህ መኪኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ ይሞላ የነበረው ከጉሎ ዘይትና ከአልኮል የተቀመመ ቀይ ፈሳሽ ነው። ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው የፍሬን ዘይት ከዚያ ጋር አይዋሐድም። ሁለቱ ሲገናኙ ይለያያሉ፣ ይረጋሉ፣ ቀጭኑን ቱቦ ይደፍናሉ። አንድ ሰው ዕቃው ጎደለ ብሎ አዲስ ዘይት ከላይ ጨምሮበት ከሆነ፣ በውስጡ ያለው አይብና አጓት ነው። በጠርሙስ ቅዳና አንድ ሌሊት አቆየው፤ ሁለት ንብርብር ካየህ ሁሉም ይውረድ፣ ቱቦዎቹ በንጹሕ አልኮል ይታጠቡ፣ ጎሚኒዎቹ በሙሉ ይቀየሩ። ቤንዚን ወይም ናፍጣ እንዳታስገባበት፤ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል።

የአየሩን ታንከር ደግሞ በየማታው ሥሩ ያለውን ቧንቧ ከፍተህ ውኃውን አፍስስ። ረዳትህ ይህን ብቻ ቢሠራ ደመወዙን አገኘ።

ኢፋ ነጂ (ዱከም)

ጋሼ፣ የጉሎ ዘይቱን ነገር ዛሬ ገና ሰማሁ፤ የአጎቴ ጋዝ 66 ለምን እንደዚያ እንደተቸገረ አሁን ገባኝ። ሦስት ጊዜ ጎሚኒ ቀይረንለት በሦስተኛው ለቁራሌ ሰጠነው።

ጎሚስታው (ቡራዩ)

ስለ ጎማው ማንም ስላልመለሰ እኔ ልመልስ። በጎማው ላይ ቀዳዳ አይፈልጉ፤ ምናልባት የለም። ኦራል ሾፌሩ እየነዳ ከጋቢና የጎማ አየር የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ሥርዓት አለው፤ በጭቃ ላይ እስከ 0.5 ማውረድ፣ አስፋልት ላይ 3.2 ኪሎ ማድረግ ይቻላል። አየሩ ከኮምፕረሰሩ ተነሥቶ የሚሽከረከረው እግር ውስጥ የሚገባው በፓራኦሊዮዎች (አየርና ዘይት እንዳያመልጥ በሚያፍኑ የጎማ ቀለበቶች) መካከል አልፎ ነው፤ መኪና ሲቆም የሚደርቁትም እነሱ ናቸው። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ አንዲት የመዝጊያ ቧንቧ አለች። ማታ ሲያቆሙ ስድስቱንም ይዝጉ። ጠዋት ጎማው እንደሞላ ከተገኘ የሚያንጠባጥበው ፓራኦሊዮው ነው፤ ተዘግቶም ከተነፈሰ ያኔ ወደ ጎማው እንሄዳለን፣ የቧንቧዋን አንገትም በሳሙና አረፋ እንፈትሻለን።

ወደ ጎማው የምንሄድ ከሆነ ግን እባክዎ ለማንኛውም መንገድ ዳር ላለ ልጅ አይስጡት። 14.00-20 ጎማ የተቀመጠበት ቸርኬ ባለቀለበት ነው፤ ጎማውን የሚይዘው ተነቃይ የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ከመነቀሉ በፊት አየሩ እስከ መጨረሻው መውጣት አለበት፤ የቫልቩ ልብ ተነቅሎ፣ በሽቦ ተወግቶ፣ ጭጭ ማለቱ ተሰምቶ። ሲሞላም ቸርኬው በሰንሰለት ታስሮ፣ ሰውየው በጎን ቆሞ ነው። ቀለበት ተነሥቶ የጋራዥ ቆርቆሮ ጣሪያ ሲበሳ አይቻለሁ፤ ጣሪያው ከፍ ያለ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሞያተኛ ልጆቼን ከቀለበት ፊት ለፊት ቆመው ካየኋቸው ከሥራ አባርራለሁ።

ኢፋ ነጂ (ዱከም)

ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን ዋናው ጥያቄ ተረሳ። ናፍጣ ይግጠም ወይስ አይግጠም? አንድ የማውቀው ሰው ዚሉ ላይ የኢፋ ሞተር ገጥሞ እስካሁን ይሠራል።

የሰበታው መካኒክ

ይሠራል፤ የሚሠራው ግን በሜዳ ነው። እርስዎ ያሉት የኢፋ ሞተር 125 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ኦራል ደግሞ ባዶውን 8 ቶን የሚጠጋ፣ ሦስት አክሰል የሚያሽከረክር መኪና ነው። እንጦጦን በዚያ ለመውጣት ስንቅ ያስፈልጋል። ፋብሪካው 4320 ላይ የገጠመው የካማዝ 740 ሞተር 10.85 ሊትር፣ 210 የፈረስ ጉልበት ነው። እሱን ለመግጠም የሞተር ማቀፊያውን መቁረጥ፣ ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን ማጣጣም፣ ራዲያተሩን መቀየር፣ ባለ 12 ቮልቱን ኤሌክትሪክ ወደ 24 ማዞር ግድ ነው። ያ ሁሉ ካለቀ በኋላም የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አይመሳሰልምና ለዓመታዊው ምርመራ ሲቀርቡ ሌላ ሙግት ይጠብቅዎታል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የሚመላለስ፣ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ያለው ሰው ቢሆን ወጪው ሊመለስለት ይችላል፤ ባለኦራል ግን በክረምት ጭቃ ነው የሚፈለገው። ናፍጣ አይጠቅምም አላልኩም። የሚያፈስ ክዳን ሞተር አያስቀይርም ነው የምለው።

ፍጆታን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። 375ዲ የፊት እግሩ ሁልጊዜ የሚሳብ፣ በመካከል ዲፈረንሻል (የፊትና የኋላ እግሮች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ ማርሽ) ያለው መኪና ነው። ለጭቃ ይህ ዲፈረንሻል ይቆለፋል። ከካባ ወጥቶ አስፋልት ሲገባ መክፈት የሚረሳ ሾፌር ብዙ ነው፤ አንዳንዱም ይከፍትና ማርሹ ተጣብቆ ይቀራል። ባዶ ቦታ አስፋልት ላይ መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዘው ቀስ ብለው ይንዱ፤ መኪናው እየተንገራገጨ አልዞርም የሚል ከሆነ ተቆልፎ ቀርቷል፤ ጎማና ቤንዚን እየበላ ነው።

ባለኦራል (ሱሉልታ)

ከ3 ሳምንት በኋላ ተመለስኩ፤ ስለዘገየሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ለገንፎ የጣደችውን ድስት ለምኜ አወጣሁና ሴንሰሩን ነከርኩት። ውኃው እየተንተከተከ መርፌው 100 ላይ ቆመ። መለኪያው ወደ 9 ዲግሪ ይጨምራል ማለት ነው፤ እኔ ለሦስት ዓመት 100 እያልኩ የደነገጥኩበት ሙቀት 91 ነበር። ክዳኑን ስገለብጠው ጎማው እንደ ቆሎ ተሰባብሮ በእጄ ቀረ። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞሬ በሞላው ጥንካሬም በስፋቱም የሚስማማ አገኘሁ። መጋረጃውም በግራ በኩል ሦስቱ ቆርቆሮዎች አይከፈቱም ነበር፤ ፈትቼ አወጣኋቸውና ግድግዳ ላይ ሰቀልኳቸው፣ እዚህ አገር የሳይቤሪያ ብርድ እስኪመጣ ድረስ።

የፍሬኑ ነገር ጋሼ እንዳሉት ሆነ። በጠርሙስ ያቆየሁት ዘይት ጠዋት ላይ ከላይ ደም የመሰለ ከታች ቢጫ ሆኖ አገኘሁት፤ በመካከላቸው ደግሞ የአይብ ፍርፋሪ የመሰለ ነገር ተንሳፏል። ሁሉንም አስወርጄ በአልኮል አሳጠብኩ። አንዱ የብረት ቱቦ ሲነፋ ጭራሽ አየር አላሳልፍ ብሎ በአዲስ ተተካ። የመሃከለኛው አክሰል ግራ እግር ለስንት ጊዜ ያለ ፍሬን እንደኖረ እግዚአብሔር ይወቅ፤ ታምቡሩ ውስጡ ዝጎ፣ ሸራው ከዓመታት በፊት ያረፈበት መስመር ብቻ ነበር የሚያበራው። አሁን በመጀመሪያው ርግጫ ይይዛል። ጎማዎቹን ማታ መዝጋት ጀምሬያለሁ፤ የኋላ ግራው ሞልቶ ያድራል፣ ስለዚህ ፓራኦሊዮ እየፈለግሁ ነው። ዲፈረንሻሉ አልተቆለፈም፤ በዚህ ንጹሕ ነኝ።

ትናንት 55 ኩንታል ጭኜ ወጣሁ። መለኪያው 100ን አልፎ ጥቂት ሄደና ቆመ፤ እንደ ስሌቴ እውነተኛው 95 አካባቢ ነው፤ አንዲት ጠብታ አልተፋም። የቀረኝ ጥቁሩ ጭስ ነው። እንዲሁም አንድ አዲስ ነገር፦ አቀበቱ መካከል በትራፊክ መጨናነቅ ቆሜ ስነሳ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ግን ምንም እንዳልሆነ ተነሣ።

የድሮ ጋራዥ (አቃቂ)

ጎበዝ። ሾፌሩ በወረደ ማርሽ ይውረድ፤ በወጣበት ማርሽ። ፍሬን አዲስ ነው ብሎ አይመካ።

የሰበታው መካኒክ

ድስቱ ለገንፎ ተመልሶ ከሆነ ባለቤትዎን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቆሞ መጥፋቱ የቤንዚን ፖምፓው ሙቀት ነው። ከፍታ ላይ ውኃ ቶሎ እንደሚፈላ ሁሉ ቤንዚንም ቶሎ ይተናል፤ መኪናው ሲቆም ነፋስ አያገኝም፣ ሞተሩ ላይ የተቀመጠው ፖምፓ ይግላል፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን እንፋሎት ይሆናል። ለጊዜው እርጥብ ጨርቅ ይጠምጥሙበት። ዘላቂው መፍትሔ ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ማራቅና በመካከላቸው ቆርቆሮ መከለል ነው።

ለጭሱ ደግሞ አቀበቱን ከወጡ በኋላ ወዲያው ሞተሩን አጥፍተው ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን) ይንቀሉ። የተቆላ ቡና መልክ ካላቸው ካርቡራቶሩን አንነካውም። የምጣድ ጥላሸት ከመሰሉ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ዘይት ይለውጡ፣ ቀጥሎ በካርቡራቶሩ ውስጥ የቤንዚኑን ልክ የሚጠብቀው ተንሳፋፊ ቤንዚን ጠጥቶ እንደሆነ አራግፈው ይስሙት። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ጄት የምንላትን ባለቀዳዳ ብሎን በአንድ ደረጃ እናጠባታለን፣ የእሳት ሰዓቱንም (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ) ጥቂት እናስቀድመዋለን። የድሮዋን ጄት ግን እንዳይጥሏት፤ ወደ ቆላ የወረዱ ዕለት በጠባቧ ከነዱ ሞተሩ ቤንዚን ያንሰውና ቫልቭ ያቃጥላል። በክብሪት ቀፎ አድርገው ጋቢና ውስጥ ያስቀምጧት።

ባለኦራል (ሱሉልታ)

ስምንቱም ጥላሸት ናቸው። ተንሳፋፊውን አራገፍኩት፤ ውስጡ ቤንዚን ይንቦጫቦጫል።

የሰበታው መካኒክ

እንግዲያው ጄቷን አይንኳት። ተንሳፋፊውን በሙቅ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ፣ ቤንዚኑን በዚያው ያስወጡ፣ ጥርግ ብሎ ከደረቀ በኋላ ብቻ በቀጭን ብየዳ ይድፈኑት። ቤንዚን የቀረበት ተንሳፋፊ ላይ እሳት አይቅረብ። ብየዳው ከበዛ ክብደቱ ይጨምርና መልሶ ይሰምጣል፤ ስለዚህ ከመግጠምዎ በፊት በወርቅ ሠሪ ሚዛን ያስመዝኑልኝና ቁጥሩን እዚህ ይጻፉ።